በአሰላ 3 ሰዓት

«ነገ በ3 ሰዓት ይምጡ» ይላል ከአውሮፓ የመጣው ሐኪም፤ ማለቱ የከሰዓቱን ነው። ታካሚው ሽማግሌ ግን ጎህ ሳይቀድ ከገጠር ተነሥተው በጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ናቸው። ሐኪሙ ብቅ የሚለው 9 ሰዓት ላይ ነው። 6 ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ የጠበቁት አባት ቅር ቢላቸውም አይናገሩም፤ ከእንግዳ ጋር አይጨቃጨቁም። የምትናገረው ነርሷ ናት፦ «ዶክተር፣ ለከሰዓት ከሆነ 9 ይበሉ።»

ለበጎ ፈቃድ ሥራ አሰላ የሚገባ ባለሙያ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚቀበለው እንዲህ ነው።

ከተማዋ ለባዕድ እንግዳ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የስዊድን ባለሙያዎች ካዱ በሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከአርሲ ገበሬ ጋር ሠርተዋል። ዛሬ ደግሞ የጀርመኑ ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ከአርሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሕክምና ይተባበራል። ከአርሲ ነገሌ ወደ ደጋው ወጣ ያለው የጋምቦ ሆስፒታልም የስፔን ሐኪሞችን በየጊዜው ያስተናግዳል።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንግዳው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስሩ አልበስል ይለዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ ነው፤ ሕክምና ክፍል ሲደርስ ግን ቁም ነገር ይሆናል። በተራ ድስት ቀቅሎ መሣሪያ አመከንኩ ማለት የትም አያዋጣም፣ እዚህ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ግድ ነው። በታካሚ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ጤነኛውን ሰው ከለመደው ቁጥር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል። አዲስ ገቡ ይደነግጣል፤ ነርሷ የታካሚውን ከንፈርና የጎድን አጥንት አይታ ታረጋጋዋለች።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ብዙ ሰው «አዎ» ለማለት ቃል አያወጣም፤ አየር ባጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። እንግዳው ግን ታካሚዋን ትንፋሽ ያጠራት መስሎት ማዳመጫውን ይዞ ይጠጋል። ሴትዮዋ የመለሰችው «ራስሽን ያምሻል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነበር።

ቋንቋው ራሱ ሁለት ነው። አዲስ አበባ ላይ አማርኛ ተለማምዶ የመጣ ሰው በአሰላ ዋርድ ውስጥ አብዛኛው ታካሚ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ሆኖ ያገኘዋል። «ኤሳቱ ሲ ዹኩበ?» (የት ጋ ያምዎታል?) ብሎ መጠየቅ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ታካሚው ለ2 ደቂቃ ያወራሉ፣ አስተርጓሚው «ሆዴን ነው የሚሉት» ብሎ ያሳጥረዋል። ሥራውን የሚያውቅ እንግዳ በዚያ አይረካም፦ ይወጋቸዋል? ያቃጥላቸዋል? ይቆርጣቸዋል? እያለ ቃል በቃል ያስመልሳል።

ከሁሉም ይልቅ አእምሮ የሚፈትነው ቀን መቁጠር ነው። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በቁጥር ላታስታውስ ትችላለች። «ከመስቀል በፊት» ትላለች፤ ሙስሊሟ «አረፋ ሳምንት ሲቀረው» ትላለች። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ እንግዳው ከአገሩ ያመጣው ክብ የመውለጃ ቀን ማስያ ካርድ ለዚህ አልተሠራም። አዋላጇ ካርድ አትፈልግም። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ነውና 9 ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ 280 ቀን ሞላ። በመካከል ጳጉሜን ካለች የምትደምረው 10 ሳይሆን 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 4። መስከረም 17 ያየች እናት መውለጃዋ ሰኔ 27 ነው። እንግዳው በስልኩ ሲያሰላ ሐምሌ አራት በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣለታል፤ ያው ቀን ነው።

አስታማሚዎቹንም መልመድ አለበት። በአልጋው ዙሪያ ፔርሙዝና አጥሚት ይዘው የሚቀመጡት ቤተሰቦች ታካሚውን ያገላብጣሉ፣ ያበላሉ፣ መድኃኒት ገዝተው ያመጣሉ። መጥፎ ዜና ሲኖር ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ለታላቁ እንዲነገር ይጠብቃል፤ በቀጥታ ለታካሚው መንገር ግዴታው ነው ብሎ የተማረ ሐኪም ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይሆንለትም።

ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ለ3 ዓመት ውል ነበር፤ እርሳቸው እስከ 2020 ሕልፈታቸው ድረስ ኖረውባታል። የዛሬው በጎ ፈቃደኛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ሰዓቱን፣ ትንፋሹን፣ ጳጉሜንን ለይቶ ሲያበቃ የመመለሻ ትኬቱ ደርሷል። የማስለመዱ ልፋት ደግሞ የትም ሰነድ ላይ ስሟ በማይጻፈው የዋርዱ ነርስ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

አንዳንዶች ይህን ተረድተው ሲሄዱ የተማሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ለሚቀጥለው ይተዋሉ። ገጹ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረው የመድኃኒት መጠን አይደለም፤ 3 ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።