እህል የያዘ እጅ፦ የዳቭሮስ ታሪክ ከቆቦ ሲታይ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ኮረም ከቆቦ ሩቅ አይደለችም። ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ይደርስባታል። የራያ ቆላ ማሽላው ደርቆበት፣ ከብቱ አልቆበት ወደዚያ ብርዳም መጠለያ የወጣው ሕዝብ ነው በዚያ ምሽት በዓለም ፊት የቆመው። አምስት ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት 14 እና 21 የቅዳሜ ምሽቶች፣ ያው ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» በተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማው ሌላ ረሃብ አቀረበ። አንድ ጋላክሲ ተርቧል፤ የሚመግበውም ከድራማው ዋነኛ ክፉ ገጸ ባሕርያት አንዱ፣ ዳቭሮስ ነው።

አንዱ ሥርጭት ሌላውን ወለደ እያልሁ አይደለም። ድራማው የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የማስቀምጠው ስለ ዳቭሮስ እስካሁን በብዛት የተነገረው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ተጎዳ አካሉና ስለ ፋሺስታዊ አስተሳሰቡ በመሆኑ ነው። ከራያ ሆኖ ለሚያየው ግን ይህ ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው እህል ማደል ሲጀምር ነው። ድራማው ይህን ገጽታ አንድ ጊዜ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰበትም።

«ዶክተር ሁ» እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1963 ተጀመረ። ጀግናው፣ ዶክተሩ፣ በጊዜና በሕዋ የሚጓዝ መንገደኛ ነው፤ ለሞት ሲቃረብ በአዲስ አካል ይነሣል። ተዋናይ እየተለወጠ ድራማው ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀው በዚህ ብልሃት ነው። ወር ሳይሞላ ዳሌኮች መጡ። በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ፣ ርኅራኄ የሌላቸው፣ ከእነርሱ የተለየውን ሁሉ ለማጥፋት የተነሡ ፍጥረታት ናቸው። ደራሲያቸው ቴሪ ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1930 በዌልስ ካርዲፍ ተወልዶ ልጅነቱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ዳሌኮችንም ከናዚዎች አምሳል ቀዳቸው። መልካቸውን የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ ነው። ዳሌኮች ለ12 ዓመት ያህል ያለ አባት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢትና ሚያዝያ 1975 በታየ ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ቴሪ ኔሽን አባታቸውን ፈጠረላቸው።

የታሪኩ መቼት ስካሮ የምትባል ፕላኔት ናት። ካሌድና ታል የተባሉ ሁለት ሕዝቦች ሺህ ዓመት ተዋግተዋል። የመጀመሪያው ክፍል ወታደሮቹን ሲያሳየን የለበሱት ድሪቶ ነው፤ የዛሬው ከትናንቱ፣ የረቀቀው መሣሪያ ከአሮጌ ጠመንጃ ጋር ተቀላቅሏል። ጦርነቱ ሲረዝም ፋብሪካው ቆሟል፤ ሰው ወደ ምሽግ ተመልሷል። ይህን ከንግግር በፊት ልብሱ ይናገራል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ ዙሪያ እንደገና ሲቀሰቀስ፣ ማሽላው በቆመበት ወራት ምሽግና ማሳ ጎረቤት ሲሆኑ ያየ ተመልካች ይህን ትዕይንት ለመረዳት የፊልም ትምህርት አያስፈልገውም።

ዳቭሮስ የካሌዶች ዋና ሳይንቲስት ነው። ግማሽ አካሉ የለም፤ ከወገቡ በታች የዳሌክ ቅርፊት በሚመስል ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጧል። አንድ እጁ ብቻ ይሠራል፤ ግንባሩ ላይ የተተከለው ሰማያዊ መብራት የማየት አቅም ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ተዋናይ ማይክል ዊሸር በልምምድ ወቅት ፊቱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ይለማመድ ነበር፤ ጭምብሉ ዓይኑንና ገጽታውን ስለሚነጥቀው ሁሉንም በድምፁና በአንድ እጁ መናገር ነበረበት። ልፋቱ ይታያል። ድምፁ ዝግ ብሎ፣ የተማረ ሰው ለዛ ይዞ ይጀምርና እየናረ ሄዶ የዳሌክን ጩኸት ይሆናል። አባትና ልጅ አንድ መሆናቸውን ከሴራው በፊት ጆሯችን ያውቀዋል።

የክፋቱ ልክ የሚለካው ደግሞ በጠላቱ ላይ ባደረገው አይደለም። የራሱ መንግሥት ሥራውን ሊያስቆም ሲነሣ፣ የካሌዶችን ከተማ የሚጠብቀውን ጣሪያ የሚያላላውን ቀመር በድብቅ ለታሎች ይሰጣል፤ ከተማዋ ከነሕዝቧ ትጠፋለች። ወገኔን አድናለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ፕሮጀክቱን ለማዳን ወገኑን ሸጠ። በመጨረሻም ዳሌኮቹ ራሱ ባስተማራቸው መሠረት አይራሩለትም።

በዚህ ታሪክ ብዙ የተጻፈበት ትዕይንት ሌላ ነው። ዶክተሩ የዳሌኮች ጽንስ ያለበትን ክፍል ለማፈንዳት ሁለት ሽቦ ይዞ ይቆምና አንድን ዘር ከሥሩ የማጥፋት መብት አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የምዕራቡ ሂስ ይህን የሥነ ምግባር ጥያቄ ሲያመሰግነው ኖሯል፤ ይገባዋልም። እኔን የሚቆረቁረኝ የጠያቂው ብቸኝነት ነው። በራያ ደም ሲፈስ ነገሩ ለአንድ ሰው ኅሊና አይተውም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የገዳይም የሟችም ወገን ይሰማል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ስካሮ ላይ ሽማግሌ የለም። ሺህ ዓመት የተዋጉት ሕዝቦች ለፍርዱ ሳይጠሩ፣ ከውጭ የመጣ አንድ መንገደኛ ሽቦውን ይዞ ያስባል። ይህ ጉድለት በ1975 ጎልቶ አይታይም። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል።

ዳቭሮስ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሞት ተነሣ፤ ተዋናዩም ተለወጠ። በዚያ ታሪክ ላይ መቆየት አያስፈልግም። በየካቲት 1984 ደግሞ ቴሪ ሞሎይ ጭምብሉን ለበሰ፤ ዳቭሮስን ለሦስት ታሪኮች የያዘውም እርሱ ነው። የምናተኩርበት የመጋቢት 1985ቱ ታሪክ በኤሪክ ሳዋርድ ተጽፎ በግሬም ሃርፐር ተዘጋጀ።

መቼቱ ኔክሮስ የምትባል ፕላኔት ላይ ያለ የቀብር ድርጅት ነው። መድኃኒት በሌለው ሕመም የተያዙ ሀብታሞች መድኃኒቱ እስኪገኝ በበረዶ ተኝተው እንዲጠበቁ ይከፍላሉ። ሐሳቡ ከኢቭሊን ዎ የ1948 ልብ ወለድ፣ በአሜሪካ ቀባሪዎች ላይ ከተሳለቀው ሥራ ጋር መዛመዱ የታወቀ ነው። ይህ ዎ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ዘግቧል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጋዜጠኝነት መጥቶ እስከ ደሴ ወጥቷል፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉም ለወራሪው አግዟል። ስለ ወሎ ያን ያህል የማይራራ ብዕር የዘራው ዘር፣ ዞሮ ዞሮ ወሎ በተራበበት ዓመት ስለ ረሃብ የሚናገር ታሪክ ሆኖ በቀለ። ታሪክ እንዲህ ያለ መንገድ ይሄዳል።

ዳቭሮስ በዚያ ድርጅት ውስጥ ተሸሽጎ «ታላቁ ፈዋሽ» በሚል ስም ይኖራል። ዝናው በጋላክሲው ሁሉ የናኘ ነው፤ ረሃብን ያጠፋ ሰው ይሉታል። ካራ የምትባል የፋብሪካ ባለቤት ምግቡን ታመርታለች፣ ትሸጣለች፣ ትርፉን ይካፈላሉ። ዳቭሮስ በበረዶ ከተኙት መካከል አእምሯቸው የላቀውን ወደ ዳሌክነት ይለውጣል። የቀሩት ወደ ፋብሪካው ይሄዳሉ። የተራበው ሕዝብ የሚበላው እነርሱን ነው።

በቅርብ ሊታይ የሚገባው አንድ ትዕይንት አለ። ናታሻ የምትባል ወጣት አባቷን ፍለጋ ሰብራ ትገባለች። ጨለማ ክፍል ውስጥ መስተዋት የመሰለ ዳሌክ ቆሟል፤ በውስጡ የአባቷ ራስ አለ፣ ቀይና ያበጠ። ለአፍታ አባቷ ሆኖ ያናግራታል፤ ወዲያው ድምፁ ይሰበርና ስለ ዳሌኮች የበላይነት ይጮኻል፤ ተመልሶ ደግሞ ግደይኝ ብሎ ይለምናታል። ትገድለዋለች። ያን ዘመን በዚህ ድራማ ላይ ከታዩት ትዕይንቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ጭካኔና ርኅራኄ በአንድነት የያዘ አላውቅም። አንድ ሰው ሟችን በስሙ የሚጠራበት፣ ሥጋ ተቆጥሮ ከተቀመጠው ክምር ውስጥ አባቴ ብሎ የሚለይበት ብቸኛው ቦታም ይኸው ነው።

ዶክተሩ ዳቭሮስን ሲያገኘው ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ ነግረሃቸዋል ወይ ይለዋል። የዳቭሮስ መልስ የነጋዴ መልስ ነው፤ ቢያውቁ ገዢ ይሸሻል ይላል። በ1975 በሁለት ጣቱ መካከል ሕይወትን ሁሉ የሚያጠፋ ቫይረስ የያዘ ያህል ሲያልም የነበረው ሰው አሁን ቫይረሱ አያስፈልገውም። የሰውን ሁሉ ጉሮሮ ይዟል። ቫይረስ የያዘውን ይሸሹታል፤ እህል ለያዘው ግን ይሰለፉለታል፣ ስሙንም ያመሰግናሉ።

እዚህ ላይ 1977 ዓ.ም. ተመልሶ ይመጣል። ቆቦ ላይ ዕድሜ የገፋ ሰው የሰባ ሰባቱን ድርቅ ሲያነሣ የዝናቡን መቅረት ብቻ አያወራም፤ ሰፈራውንም ያወራል። በዚያ ዓመትና በቀጣዩ ደርግ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውን ከወሎ፣ ወደ ደቡብና ምዕራብ አጓጓዘ፤ እርዳታ ሊቀበሉ ወጥተው በዚያው መኪና ላይ የተጫኑ ብዙ ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊትም ደርግ ራሱ የረሃብን ምስል ተጠቅሞበታል። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ ወሎ ረሃብ ያቀረበው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ ሲሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቷል። ክፉውን የሚሰይመው ቴሌቪዥኑ ነበር፤ የተራበው ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ሳዋርድ የእህልን ኃይል በትክክል አይቷል፤ ለዚህ አደንቀዋለሁ። ስሕተቱ ግን የዘመኑ ስሕተት ነው። በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ አንድም የተራበ ሰው አይታይም። ሀብታም ሟቾች አሉ፣ ቀባሪዎች አሉ፣ ነጋዴና ቅጥር ገዳይ አለ። ረሃቡ ሌላ ፕላኔት ላይ ነው፣ በወሬ ነው የምንሰማው። የኮረሙ ዘገባ ፊት አሳይቶ ብዙ ድምፅ አላሰማም፤ ድራማው ደግሞ ፊቱንም ተወው። በስካሮ ያልተጠሩት ሕዝቦች በኔክሮስም አልተጠሩም።

መፍትሔውም የሚገርም ነው። ዶክተሩ የዳቭሮስ ሥራ ሲፈርስ ለቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች በየቦታው የሚበቅል አንድ አረም ያሳያቸዋል፤ ገንቢ ምግብ አለበት፣ ሰብስባችሁ አብሉ ይላል። ቆቦ ላይ አረም ሲባል ገበሬው ፊት የሚመጣው አቀንጭራ ነው። የማሽላውን ሥር ጠብቶ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው፣ ዘሩ መሬት ውስጥ ዓመታትን የሚቆየው አቀንጭራ። ለዚህ አረም መድኃኒት የተፈለገው ተከላካይ የማሽላ ዝርያ በማዳቀል፣ በፈረቃ በመዝራት፣ አበባ ሳያወጣ በመንቀል፣ በብዙ ዓመት የማሳ ሥራ ነው። ሰው ከረሃብ የሚወጣው እንዲህ እየለፋ እንደሆነ የሚያውቅ ተመልካች፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የቀረበለትን አረም አይቀበልም። ደግሞስ አረሙን ማን ያከፋፍላል? ሥልጣኑ ከዳቭሮስ እጅ ወጥቶ የገባው ትናንት ለዳቭሮስ ሲያድሩ በነበሩት እጅ ነው። ድራማው ይህን አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ዳቭሮስ ወደ መሣሪያው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከዋክብትን የሚለውጥ ጥንታዊ መሣሪያ ፈለገ። ድራማው ከረጅም መቋረጥ በኋላ ሲታደስ አዲሱ የዳቭሮስ ተዋናይ ጁልያን ብሊች እ.ኤ.አ. በ2008 ፍጥረትን በሙሉ የሚያፈርስ ቦምብ ይዞ መጣ። ቦምቡ ሲገዝፍ ፍርሃቱ ያንሳል፤ ሁሉንም የሚያጠፋ መሣሪያ የማንንም ቤት አይነካም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የታየው ታሪክ ግን ይለያል። ዳቭሮስ ሕፃን ነው፤ ከጭቃ ውስጥ በሚወጡ፣ መዳፋቸው ላይ ዓይን ባላቸው እጆች በተከበበ የጦር ሜዳ መካከል ቆሟል፤ ቢንቀሳቀስ ይሞታል። ዶክተሩ ሊረዳው ይመጣና ስሙን ሲሰማ ጥሎት ይሄዳል። በታሪኩ ፍጻሜ ተመልሶ ያወጣዋል። ከጦርነት በኋላ ያልፈነዳ ጥይት ልጆችን በሚያቆስልበት በሰሜኑ አገራችን ይህ ትዕይንት ምሳሌያዊነቱ ይቀራል። ልጁን ስሙ ሳይጠየቅ ማውጣት እንደሚገባ ድራማው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰበት፤ ከ1975ቱ ሽቦ ይልቅ ይህ መልስ ይመዝናል እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለበጎ አድራጎት በቀረበ አጭር ክፍል ብሊች ያለ ጠባሳና ያለ ተሽከርካሪ፣ ቆሞ ታየ። አዘጋጁ ራስል ቲ ዴቪስ አካል ጉዳትን ከክፋት ጋር ማያያዝ ይብቃ በማለት ምክንያቱን ገልጧል። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ጦርነት እግርና እጅ በወሰደበት አገር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው የክፋት ምልክት ሆኖ በየስክሪኑ ሊቀርብ አይገባም። ከዚህም በላይ የዳቭሮስ ክፋት ከቶውንም ወንበሩ ላይ አልነበረም። በ1985 የሚሠራው አንድ እጁ ብቻ ነበር፤ ጋላክሲውን ለመግዛት ግን ማከፋፈያው በዚያ እጅ መሆኑ በቃው። አሁን ሁለት እግር አግኝቶ ሲቆም፣ ደራሲዎቹ ወደ ኔክሮስ ፋብሪካ ሊመልሱት፣ በዚህ ጊዜም በወረፋው ላይ የቆሙትን ሰዎች ሊያናግሩ ይችላሉ። ወረፋውን የሚያውቁ፣ ከኮረም መጠለያ የተረፉ ሰዎች ዛሬም በራያ አሉ።