ክፍት የተባለው መጽሔትና ተቋም የሌለው አንባቢ

ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ከቤኖኒ ከተማ ማዶ፣ ዳቬይተን የሚባል ሰፊ የጥቁሮች መኖሪያ አለ። በ1950ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቤኖኒ አሮጌ ሰፈር የተነሡ ጥቁሮች የሰፈሩበት ቦታ ነው። ይህ ሰፈር በአንድ ወቅት ዩኒቨርሲቲ ነበረው። የአፓርታይዱ መንግሥት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቪስታ ዩኒቨርሲቲን በጥቁሮች የከተማ ሰፈሮች ሲያቋቁም፣ ምሥራቅ ራንድ የተሰኘው ግቢ የተተከለው በዳቬይተን ነው። የቪስታ አመሠራረት በጎ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ጥቁሩ ተማሪ የነጮቹን ዩኒቨርሲቲ ደጅ እንዳይረግጥ በየሰፈሩ የታጠረለት ትምህርት ቤት ነበርና። ቢሆንም መምህር የሚውልበት፣ መጻሕፍትና የምርምር መጽሔት የሚገቡበት ደጅ ነበረ። በ2004 ቪስታ ሲከፋፈል የዳቬይተኑ ግቢ ለራንድ አፍሪካንስ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ፤ በ2005 ያ ዩኒቨርሲቲ ከዊትዋተርስራንድ ቴክኒኮን ጋር ተዋሕዶ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ አራት ግቢዎች ሲኖሩት አንዱም በዳቬይተን አይገኝም። ዳቬይተን የሚገኝበት የኤኩርሁሌኒ ከተማ አዲስ የሳይንስና የፈጠራ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያገኝ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በ2020 ለምክር ቤት ባደረጉት ንግግር ማስታወቃቸው፣ ጉድለቱ በመንግሥትም ዘንድ የታወቀ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ መልስ አለን የሚሉ ወገኖች አሉ። ክፍት ተደራሽነት የሚባለውን፣ እኛ ክፍት ኅትመት ብንለው የሚቀለንን ሥርዐት የሚሰብኩት ናቸው። የምርምር ጽሑፍ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ያለ ክፍያ ከተለቀቀ፣ ግቢ ኖረም አልኖረም፣ የዳቬይተን ወጣት ከኦክስፎርድ ተማሪ እኩል ያነባል ይላሉ። የቡዳፔስቱ ሰነድ በ2002፣ የበርሊኑ መግለጫ በ2003 ይህንኑ ተስፋ ለዓለም አውጀዋል። የበርሊኑን መግለጫ ተከትሎ የሚደረገው ጉባኤ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪቃ ምድር፣ በደቡብ አፍሪቃዋ ስቴለንቦሽ ሲካሄድም ይኸው ተስፋ ተደግሟል። ተስፋውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው አፈጻጸሙን ነው፤ ይኸውም ክፍት የተባለው በር አሁንም በአብዛኛው ሰውን ሳይሆን ተቋምን እየጠየቀ የሚያስገባ በመሆኑ ነው። ተቋም የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ለስደተኛ ምሁር ማስረዳት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ አንባቢውን እንመልከት። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የቆዩ ቅጾች ጄስቶር በሚባለው የአሜሪካ የመጽሔቶች ማከማቻ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጄስቶር በብዙ የአፍሪቃ አገሮች ለሚገኙ፣ ለትርፍ ላልቆሙ የትምህርት ተቋማት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይከፍታል። ምስጋና የሚገባው ተግባር ነው። ነገር ግን የተከፈተው ለተቋሙ ነው። ጡረታ የወጣው መምህር፣ በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምረው፣ ዲግሪውን በሻንጣው ይዞ ተሰዶ በምሥራቅ ራንድ ሱቅ የሚጠብቀው፣ እነዚህ ሁሉ የሚቀርላቸው ስም አስመዝግቦ በወር የተወሰነ ቁጥር ያለው ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ማንበብ ነው። ስለ ራሱ አገር፣ በራሱ አገር ተቋም የተዘጋጀ ጽሑፍ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

የባሰው ግን ስለ ራሱ ስለ አንባቢው የተጻፈው ነው። ወደ ደቡብ አፍሪቃ የተሰደደው ወገናችን፣ በተለይ ከሆሳዕናና ከአካባቢው በደቡቡ መንገድ የወጣው፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ለብዙ ተመራማሪዎች የጥናት ርእስ ሆኗል። የጆሃንስበርግን የጄፔ የንግድ ሰፈር የሚመለከተው የታንያ ዛክ ጥናት በ2015 የወጣው ኧርባን ፎረም በተሰኘው፣ ስፕሪንገር በሚያሳትመው መጽሔት ነው። ጥናቱ ቁም ነገር ያለው ነው፤ ጸሐፊዋንም አንወቅስም። የምንለው፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ቡና ቀድቶ የመለሰው ነጋዴ የመልሱን ፍሬ ለማየት ለአሳታሚ እንዲከፍል የሚጠይቅ ሥርዐት ነውር አለበት ነው። ጉዳዩ የክብር ብቻም አይደለም። በኅዳር 2024፣ በሰፈር ሱቆች ከተሸጠ ምግብ ጋር በተያያዘ የሕፃናት ሞት ከተሰማ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በየሰፈሩ ያሉ ስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ ኋላ እስከ የካቲት 2025 ተራዘመ። በዚያ ሰሞን ስለ ባዕድ ባለ ሱቅ በአደባባይ ያልተባለ ነገር አልነበረም። የውጭ አገር ነጋዴዎች ኪራይ እንደሚከፍሉ፣ ከማን እንደሚገዙ፣ ለማን ሥራ እንደሚሰጡ የሚያስረዳ ጥናት ግን ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪቃ የስደትና የማኅበረሰብ ጥናት ማእከል ያወጣቸውና የደቡባዊ አፍሪቃ የስደት ጥናት ፕሮግራም ያሳተማቸው ዘገባዎች ማንም ሳይከፍል ሊያነባቸው ይችላል። እነዚህን የመሰሉት ክፍት መሆናቸው ለማኅበሩ ጠበቃና ለጋዜጠኛው በእጅ ያለ ማስረጃ ነው፤ በአጥር ውስጥ የቀሩት ደግሞ ለክርክሩ እንዳልተጻፉ ያህል ናቸው።

ወደ ጸሐፊው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አንባቢው እንዳይከፍል ተብሎ ጸሐፊው እንዲከፍል ተደረገ። ኔቸር የተባለው የታወቀ መጽሔት አንድን ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለማውጣት በ2020 መጨረሻ ያስታወቀው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። እርግጥ ይህ የጣሪያው ዋጋ ነው፤ ከዚያ እጅግ የሚያንሱ አሉ። ለድኻ አገር ጸሐፊም ምሕረት አለ ይባላል። ምሕረቱ ግን እንዴት እንደሚሰጥ ማየት ያሻል። አሳታሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የአሳታሚዎች ትብብር ያወጣውን የአገሮች ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያ ሙሉ ምሕረት ከሚያገኙት ወገን ስትሆን ደቡብ አፍሪቃ ከዝርዝሩ ውጭ ናት። ሚዛኑ የጸሐፊው ኪስ ሳይሆን የሚሠራበት ተቋም የሚገኝበት አገር ነው። ስለዚህ በጎንደር ሳለ ሳይከፍል ሊያሳትም ይችል የነበረ መምህር ሊምፖፖን ተሻግሮ በጆሃንስበርግ በትርፍ ሰዓት የሚያስተምር ቢሆን፣ በዚያው ዕለት እንደ ባለጸጋ ይቆጠራል። ስደት ድኽነትን እንደማያስቀር አሳታሚዎቹ የሰሙ አይመስልም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ምሳሌው እዚያው ደቡብ አፍሪቃ ውስጥ አለ። ከብራዚል የመጣው ሳይኤሎ የተባለው የመጽሔቶች መድረክ ከ2009 ጀምሮ በደቡብ አፍሪቃ የሳይንስ አካዳሚ አስተናጋጅነት ይሠራል። ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሸፈን አንባቢውም ለማንበብ አይጠየቅም፤ መጽሔቶቹም ለመድረኩ ሲሉ ለባዕድ አሳታሚ አይገብሩም። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለውም አገልግሎት በ1998 በኦክስፎርድ ተጀምሮ በ2005 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተዛውሯል፤ በርካታ የኢትዮጵያ መጽሔቶች ዛሬ በዓለም ፊት የሚታዩት በእሱ በኩል ነው። በእኛ ግምት ይህ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው። የሚያሳዝነው፣ ያው አገር በ2020ዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቹን አስተባብሮ ከታላላቆቹ አሳታሚዎች ጋር የማንበቢያና የማሳተሚያ የጅምላ ውል መግባቱ ነው። ውሉ ለዩኒቨርሲቲ ሰው ይጠቅማል። ዳግመኛ ግን ተቋምን ነው ያስገባው፤ ዳቬይተን ከውሉ ውጭ ናት።

አገር ቤት የተደረገውም ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጸደቀ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ሁሉ በአንድ ብሔራዊ የዲጂታል ማኅደር እንዲገባ ያዝዛል። በአፍሪቃ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ግዴታ ያወጡት ጥቂቶች ናቸውና ሥራው የሚመሰገን ነው። ሚኒስቴሩ ራሱ በ2021 ፈርሶ ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። መሥሪያ ቤት በፈረሰ ቁጥር ማኅደሩን የሚጠብቀው ባለሙያ፣ የኮምፒዩተሩ ጥገናና በጀቱ የማን እንደሚሆኑ የሚጨነቁበት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው፤ የፖሊሲ ጸሐፊዎች ግን ለዚህ አንድ አንቀጽ ቢተርፋቸው ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። በኅዳር 2020 ትግራይ ከመረብና ከስልክ ተቈረጠች። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። የባሕር ዳርና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙባቸው ክልሎች ናቸው። ፖሊሲው ክፍት ይሁን ያለውን ያው መንግሥት በአንድ ትእዛዝ ሲዘጋው፣ ከዲጂታሉ ጎን የወረቀቱ ቅጂ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ክርክር አያሻም።

ወረቀቱም ብቻውን አይበቃም። በሚያዝያ 2021 ከቴብል ተራራ የወረደ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት ሲበላ፣ የአፍሪቃ ጥናት ክምችቱ አብዛኛው ክፍል ዐመድ ሆነ፤ አስቀድሞ በዲጂታል የተቀዳው ተረፈ። እኛ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ይገባን ነበር የምንለው፣ የብራና መጻሕፍቶቻችን ታሪክ ስላለ ነው። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የተቀዳው የማይክሮፊልም ሥራ ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍትን ይዟል። ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኀይሌ በስደት ሆነው ዕድሜያቸውን በዝርዝር መዝገቡ ላይ አሳለፉ። ዛሬ የዲጂታሉን ምስል የሚሻ ሰው የሚጠየቀው ስሙን ማስመዝገብ ብቻ ነው፤ የየት ተቋም መምህር ነህ ብሎ የሚመልሰው የለም። ሐምቡርግ የሚዘጋጀው ኤቲዮፒካ፣ በ1955 የተጀመረው የፈረንሳዮቹ አናል ዴቲዮፒም እንዲሁ በነጻ ይነበባሉ። ኢትዮጵያን ለሚያጠና ሰው ከአዲስ አበባው መጽሔት ይልቅ የሐምቡርጉና የፓሪሱ ቀርበው መገኘታቸው ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም።

ክፍት ኅትመት ዝቃጭ ጽሑፍ አበዛ የሚል ተቃውሞ አለ። በገንዘብ ብቻ የሚያሳትሙ፣ ገምጋሚ የሌላቸው መጽሔቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ የደቡብ አፍሪቃ ምሁራን ምን ያህል በዚህ እንደተጠለፉ በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች በታተመ ጽሑፍ ልክ ድጎማ በሚሰጥበት አገር ይህ መድረሱ አያስደንቅም። በሽታው የመጣው ከክፍትነቱ ሳይሆን ጽሑፍን በቁጥር ከመመዘን ነው። የእኛ ትውልድ ደግሞ ክፍት ኅትመትን ከስሙ በፊት ያውቀዋል። በኖቬምበር 1969 ስትራግል በተሰኘው የተማሪዎች ጋዜጣ የወጣው የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ ዋጋ አልተጠየቀበትም፤ የተስማማውም ያልተስማማውም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አነበበው። ያደረሰውን ለታሪክ እንተወው፤ የሚነበብ ነገር ክብደት የሚኖረው ሰው እጅ ሲገባ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

በየስደቱ አገር ያሉ ማኅበሮቻችን መጽሔቶቻቸውን ወደ መረብ ለማዛወር ሲመክሩ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ጽሑፉን ማንም እንዲቀዳና እንዲያባዛ የሚፈቅድ ቃል በገጹ ላይ መታተም አለበት፤ ፈቃዱ ካልተጻፈ የዳቬይተን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አትሞ ለአንባቢ ለመስጠት ይፈራል። አንድ ቅጂ ቢያንስ በሁለት አገሮች፣ አንዱም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊቀመጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውም ቢሆን ሁለት ገጽ የአማርኛ ፍሬ ሐሳብ ይኑረው፤ ስለ ስደተኛው የሚጻፈው ደግሞ በሀዲይኛና በከምባትኛ ቢጨመር የሚበዛ አይሆንም። በፊደላችን የታተመ ገጽ በፎቶግራፍ መልክ ብቻ ሲቀመጥ በቃል ተፈልጎ አይገኝም፤ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ መጻፍ ይኖርበታል። የስምም ጣጣ አለ። የባዕድ ማውጫዎች የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘግቡታል፤ ኀይሌን አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሌላ የላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ በዚህም የአንድ ደራሲ ሥራ በሦስት ሰው ስም ተበትኖ ይቀራል። መጽሔቶቻችን የጸሐፊውን ስም በፊደላችን፣ ከነአባት ስሙ በተራው፣ ከአንድ ከተወሰነ የላቲን አጻጻፍ ጋር በየጽሑፉ ራስ ላይ ቢያሰፍሩ ወጪው ምንም ነው።