የፍሊንት ጠርሙሶች

እርሳስ በውሃ ውስጥ አይታይም፤ አይሸትምም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ፍሊንት ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የፍሊንት ወንዝን ውሃ መጠጣት ስትጀምር ዝገት የሚከላከል ኬሚካል አልተጨመረበትም፤ ውሃው አሮጌ ቧንቧዎችን እየበላ እርሳሱን እስከ ጓዳ አደረሰው። ባለሥልጣናት «ችግር የለም» ሲሉ፣ የልጆች እናት የሆነችው ሊአን ዋልተርስ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲውን ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስን አገኘች።

እኔን የሚያስደንቀኝ ውሃውን ለመመርመር የተጠቀሙበት የአቀዳድ ዘዴ ነው። ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ በቧንቧው ውስጥ ይቆያል። ከዚያ የመጀመሪያው 1 ሊትር ይቀዳል፤ ከ45 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛው ጠርሙስ፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ ሦስተኛው ይሞላል። የመጀመሪያው ስለ ቤቱ ቧንቧ፣ ተከታዮቹ ከመንገድ ስለሚመጣው መስመር ይመሰክራሉ። የመንግሥት መመሪያ ግን ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት ባለው ምሽት ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃ አፍስሱ ይል ነበር፤ ይህ እርሳሱን አሳንሶ ያሳያል። ምን ዓይነት ምርመራ ነው ታዲያ!

በ2015 ወደ 300 የሚጠጉ የመመርመሪያ ጥቅሎች ለነዋሪዎች ታደሉ። አብዛኞቹ ተሞልተው ተመለሱ፤ ያደሉትም የሰበሰቡትም የከተማዋ ሰዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ደግሞ መረመረ። ከተማዋ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ቀድሞ ትጠቀምበት ወደነበረው የዲትሮይት ውሃ ተመለሰች።