መልክ ስለሌለው ሥዕል፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ»

በጌዴኦ ምድር፥ ከይርጋጨፌ ከተማ እጅግ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ፥ በቡናውና በእንሰቱ መካከል የጥንት ሰዎች የተከሏቸው ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ። በቱቱ ፈላ ከሚገኙት በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ገጽ ተቀርጿል፤ በጨልባ ቱቱቲ ካሉት ግን የሚበዙት መልክ የሌላቸው፥ ቀጥ ብለው የቆሙ ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ይህ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ነው። በጧት ጉም ውስጥ ከነዚህ ድንጋዮች ፊት የደረሰ መንገደኛ፥ ካህንም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፥ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለድንጋይ ይሰገዳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ይህ የማን መልክ ነው?» ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ያው ሰው ዐዲስ አበባ ወጥቶ ቀለም ብቻ የተቀባ ሸራ ባየ ጊዜ «ይህ ምንድር ነው? ሕፃን የሞነጫጨረው ነውን?» ብሎ ይስቃል። ድንጋዩን ያከበረ ሰው ሸራውን የሚንቅበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ይህ ሳቅ ከማንም ይልቅ የወረደበት ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1932 በሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በእጃቸው ያስጌጡ የነበሩ ሊቅ ናቸው። ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም በ1963 በዐዲስ አበባ ሥራውን ባሳየ ጊዜ የሚያደንቀውም የሚነቅፈውም ተነሣ። ነቃፊዎቹ «የፈረንጅ ነው፥ ኢትዮጵያዊ አይደለም» አሉ። በ1965 ግን የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ በስደት ዐረፈ።

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ነቀፋ የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤት ገብቶ ባለማየት የተነገረ ነው። በወንጌል ብራና ራስጌ የሚሣለው ሐረግ ምንን ይመስላል? ሰው አይደለም፥ እንስሳም አይደለም፥ ታሪክም አይናገርም፤ ቀዩና ቢጫው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይሄዳል እንጂ። ስለዚህ ብሎ ሐረግን ከንቱ ነው ያለ ሊቅ የለም፤ ዐይንን ከገበያ ሐሳብ ነጥሎ ወደ ቃሉ የሚያገባ ደጃፍ ነውና። ገብረ ክርስቶስ ሥራውን ከአባቱ ሐረግ ቀዳው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ቀለም ያለ መልክ ሊናገር እንደሚችል ለማወቅ የግድ ኮሎኝ መድረስ አያስፈልገውም ነበር።

በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ለዚህ ነገር ዋናው ምስክር ነው። በሥዕሉ ላይ የሚገዛው ቀዩ ቀለም ነው፤ የተሰቀለው ሥጋ በቀዩ ውስጥ ሊሰጥም ደርሷል። ቅኔ የተማረ ሰው ኅብር የሚለውን ቃል ያውቃል። ኅብር በግእዝ ቀለም ነው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ምስጢር የሚሸከምበት መንገድ ነው። በዚህ ሥዕል ሁለቱ ትርጓሜዎች ተገናኝተዋል፤ ያው አንዱ ቀይ የተገረፈ ሰው ቍስልም ነው፥ ስለ ዓለም የፈሰሰ ደምም ነው። ከውጭ አገር ታትመው በየቤቱ የሚሰቀሉት፥ ፊታቸው የጠራ ጠጕራቸው የተበጠረ የስቅለት ሥዕሎች መከራውን ያስረሳሉ፤ (ይህን ለመናገር የሚደፍር ካህን ጥቂት ነው፥ ምእመናን ይወዷቸዋልና።) «ጎልጎታ» ግን ያስደነግጣል። ሙሴ በደብረ ሲና ወደ ጨለማው ደመና መግባቱን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሲተረጕም፥ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ሰው ዐይን የሚያየውን ሁሉ እየተወ እንደሚሄድ አስተምሯል። ሥዕሉ ለተመልካቹ የሚያደርገው ይህን የሚመስል ነገር ነው፤ የለመደውን መልክ ይወስድበትና ከግርማው ፊት ባዶ እጁን ያቆመዋል።

ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። በአበው የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዐይን፥ ኀጥእ በአንድ ዐይን ይሣላል። የቅዱሳን ሥዕል የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነው፤ በፊቱ ቆሞ የሚጸልይ ሰው እርሱ ራሱ ይታያል። መልክ የሌለው ሥዕል ዐይን የለውምና ማንንም አያይም። በመስኮብ አገር የነበረው ሠዓሊ ማሌቪች ጥቁር አራት ማዕዘን ሥሎ፥ በ1915 በፔትሮግራድ ከክፍሉ ማዕዘን ከፍ አድርጎ፥ የሩስያ ኦርቶዶክሳውያን በቤታቸው ቅዱስ ሥዕል በሚያኖሩበት ቦታ ሰቀለው። ይህ ድፍረት ነው፤ ሰው የሆነው አምላክ ገጽ ሳለው፥ በገጹ ስፍራ ባዶ ማኖር ነውና። ገብረ ክርስቶስ እንዲህ አላደረገም። «ጎልጎታ» በአዳራሽ የሚታይ ሥራ ነው፤ ዕጣንና መሳለም አይጠይቅም፥ የሥዕለ አድኅኖንም ቦታ አይሻም።

በ1966 የሣለው አረንጓዴው ሥዕል ሌላ ነገር ነው። ስሙ ከቀለሙ በቀር ምንም አይነግርም። «ጎልጎታ» የሚለው ስም ተመልካቹን እጁን ይዞ ወደ አንድ ኮረብታ ያወጣዋል፤ ይኸኛው ግን ሐረጉን ስሎ ወንጌሉን ሳይጽፍ የተወ ጸሓፊን ይመስላል። ደጃፉ ያማረ ነው፥ ወዴት እንደሚያገባ ግን አልተነገረም። በይርጋጨፌ ከዝናም በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናውን ለሚያይ ሰው፥ አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ተደርቦ ቅርጽ ሲጠፋ ማየት እንግዳ ነገር አይሆንበትምና፥ ምናልባት የጎደለውን እርሱ ይሞላው ይሆናል። እንዲህ ያለ ተመልካች ያላገኘ ጊዜ ግን ሥዕሉ ዐይን ከማሳረፍ አያልፍም።