ሰው የሌለበት ሥዕል

በአገራችን የሥዕል ጥበብ ለብዙ ዘመን ያደገው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ ነው። ስለዚህ ሥዕል ስናይ አስቀድመን «ይህ ማን ነው? ምንስ አደረገ?» ብለን እንጠይቃለን። ሰውም መልአክም የሌለበት፥ አንድ ዛፍ ብቻ የቆመበት ሥዕል ሲያጋጥመን ግን ሠዓሊው ቁም ነገር አጥቶ እጁን ያፍታታበት ይመስለናል። ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት፥ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎግን አንድ ሥራ እንመርምር።

ቫን ጎግ በ1889 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በሜይ ወር፥ በደቡብ ፈረንሳይ በሴን ሬሚ አጠገብ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ በፈቃዱ ገባ። ስፍራው የጥንት ገዳም ነበረ። በጁላይ ሕመሙ ስለ ጸናበት ሥራውን ለሳምንታት አቋረጠ። በኦክቶበር ግን ሙልቤሪ የተባለውን፥ ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበውን ዛፍ ሣለ። ቁመቱ 54፥ ወርዱ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በኖርተን ሳይመን ሙዚየም ይገኛል።

በሥዕሉ ላይ ያለው ድንጋያማ መሬት፥ ጥልቅ ሰማያዊ ሰማይና ቅጠሉ ብጫ የሆነ ዛፍ ነው። ቀለሙ በወፍራሙ ስለ ተቀባና የብሩሹ ፈለግ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፥ ቅጠሉ የእሳት ነበልባል ይመስላል። ብጫው በሰማያዊው ላይ ባይቆም ኖሮ ይህን ያህል ባልነደደም ነበር፤ ተቃራኒ ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያጎላዋልና። ይህ የሕመም ውጤት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው። ሠዓሊው ለወንድሙ ለቴዎ ስለ ሥዕሉ የጻፈውም ይህንኑ የዛፉን፥ የመሬቱንና የሰማዩን ቀለም ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ብጫ ስናይ አደይ አበባን እናስብ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የመስከረም ብጫ የክረምቱን ማለፍና የአዲሱን ዓመት መግባት ያበሥራል። በአውሮፓ መጸው ብጫ የሚሆነው ግን ሊረግፍ የተዘጋጀ ቅጠል ነው፤ ዛፉ የሚያበራው በስንብቱ ዋዜማ ነው። ይህን ካላወቅን የሥዕሉን ደስታ ብቻ አይተን ኀዘኑን እናልፈዋለን።

በኖቬምበር ቫን ጎግ በዚያው አትክልት ስፍራ መብረቅ የመታውንና በመጋዝ የተቈረጠውን ትልቅ ግንድ ሣለ። ለወዳጁ ለኤሚል ቤርናር በጻፈው ደብዳቤ ግንዱን ከተዋረደ ኩሩ ሰው ጋራ አመሳስሎ፥ ጭንቀትን ለማሳየት የግድ ጌቴሴማኒን መሣል እንደማያስፈልግ አስረዳ። በዚህ እንስማማለን፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የቅዱሳት ሥዕሎች ዘመን አልፏል ማለት አይገባም። ከሁለቱም እኛ የምናስበልጠው ብጫውን ዛፍ ነው። ግንዱን በሚገባ ለመረዳት ደብዳቤው ያስፈልጋል፤ ብጫው ዛፍ ግን ወራቱን ለሚያውቅ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይናገራል።

እንግዲህ መምህራን ተማሪን «ዛፍ ሣል» ብለው ሲያዙት፥ በልማድ የሚያውቀውን አረንጓዴ ክብ እንዲደግም አይተዉት። በደጅ አቁመው፥ ቅርንጫፉ ወዴት እንዳዘነበለ፥ ቅጠሉም በስንት ዓይነት ቀለም እንደ ተለየ እንዲያስተውል ያድርጉት። የራሱን ኀዘንና ደስታ በሥዕሉ ለመግለጽ የሚችለው አስቀድሞ ዛፉን በእውነት ያየ እንደ ሆነ ነው።