«መንገድ የለም» ሲባል

ሳናስብባቸው ከምንናገራቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዷ «እዚያ ድረስ መንገድ የለም» የምትለው ናት። ባሌ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ሮቤ ላይም፣ ጎባ ላይም፣ ዲንሾ ላይም። የሚገርመው ታዲያ ተናጋሪው ይህን ሲል ከጀርባው ፈረሰኞች፣ እህል የጫኑ አህዮች፣ ደብተር የያዙ ልጆች በዚያው «በሌለው» መንገድ ሲመጡ ይታያሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በምን ላይ ነው የሚሄዱት?

ዐረፍተ ነገሯ ሙሉ አይደለችም። የተዋጠች ቃል አለች፤ «የመኪና» የምትል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን «የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውንም አንብቡ» እል ነበር። እዚህ የተዘለለው አንድ ቃል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አብሮት የተዘለለው ግን ሰው ነው፤ በእግሩ፣ በፈረሱ፣ ቢያገኝ ደግሞ በብስክሌት የሚሄደው ሰው። «መንገደኛ» የሚለው ቃላችን እኮ መኪና ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ መንገደኛ ሲባል ትዝ የሚለን መናኸሪያ ቁጭ ብሎ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነው።

የዛሬው ወጌ ስለ ብስክሌት መንገድ ነው። የቅንጦት ጉዳይ ያነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

እስኪ ወይብን እንመልከት። ወይብ ከባሌ ተራሮች ይነሣና ዲንሾ አካባቢ ገና ሕፃን ሆኖ በሣር ሜዳ መሐል ይወርዳል። በነሮቤና ጎባ አካባቢ የሚወርዱት ሻያና ቶጎና ገባሮቹ ናቸው። ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ ዋሻ ጋ ሲደርስ፣ ተራራውን አልዞርም ብሎ ሰንጥቆት ያልፋል። የዋሻው ውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ሲደማመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ከዚያ ቆላ ለቆላ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይገናኛል። በላይኛው ሸለቆ፣ ከዲንሾ ጀምሮ የወንዙን ዳር ይዞ የሚሄድ የእግርና የፈረስ መንገድ አለ። የሀገሬው ሰው ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሠርግም የሚሄድበት ነው። መኪና አይገባበትም። በኛ አነጋገር እንግዲህ «መንገድ የለም» ማለት ነው።

ሌላው ዓለም እንዲህ ዓይነቱን «የሌለ» መንገድ ምን እንዳደረገው እንይ። ዳንዩብ ወንዝ ላይ ከፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ዝነኛ የብስክሌት መንገድ አለ። አብዛኛው ክፍሉ ከመኪና የተለየ ነው። መንገዱ በብዙ ቦታ መነሻው ፈረስ ነው። ድሮ ጀልባዎችን ሽቅብ የሚጎትቱት በወንዙ ዳር የሚሄዱ ፈረሶች ነበሩ። የእንፋሎት መርከብ መጣና ፈረሶቹ ሥራ ፈቱ፤ መንገዱም ባዶውን ቀረ። ሰዎቹ «መንገድ የለም» ብለው አላረሱትም፤ አስተካክለው ለብስክሌት ሰጡት። ፈረንሳይም ሉዋር የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት መስመር አላት። በነዚህ መስመሮች ዳር ማደሪያ የሚያከራየው፣ ምሳ የሚሸጠው፣ የተነፈሰ ጎማ የሚለጥፈው የመንደሩ ሰው ነው። በብስክሌት የሚሄድ እንግዳ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ስለዚህም ይቆማል። በመኪና የሚመጣው ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፎቶ ያነሣና አቧራውን ትቶልን ይሄዳል።

እነሱ የጠፋ የፈረስ መንገድ ነው ያነሡት። የኛ ፈረስ ግን አሁንም በመንገዱ ላይ ነው። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው።

ይሁንና ነገሩን ለቱሪስት ብቻ ካደረግነው ሌላ ጥፋት እንጀምራለን። ስለ ባሌ የተጻፉ የጉብኝት በራሪ ወረቀቶችን ሰብስቤ አንብቤያለሁ። (የቀድሞ መምህር ክፉ አመሉ ማረም ነው።) «ያልተነካ»፣ «ድንግል»፣ «ጸጥታ የሰፈነበት» የሚሉ ቅጽሎች ይርመሰመሱባቸዋል። ሰው ግን የለባቸውም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል። ግን በዚያ ፓርክ ውስጥና ዙሪያ ከብት የሚያረቡ፣ ገብስ የሚዘሩ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ማርና ቡና የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። በራሪ ወረቀቱ ሰውን ዘለለ፤ «መንገድ የለም» የምትለዋም ዐረፍተ ነገር ሰውን ዘለለች። የዝላዩ ምክንያት አንድ ነው።

ስለዚህ ከቱሪስቱ በፊት ሮቤንና ጎባን እናንሣ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫና የዞኑ ከተማ ናት፤ ጎባ ደግሞ የጥንቱ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ ሆስፒታልም ያላት። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። 14 ኪሎ ሜትር ለብስክሌት የአንድ ሰዓት ጉዞ ቢሆን ነው። ግን አስፋልቱ ላይ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ እግረኛው ሁሉ አንድ ላይ ነው። አዝመራ ሲደርስ ደግሞ የስንዴ ኮምባይነሩ መንገዱን ሙሉ ይዞት ይመጣል። እዚህ መሐል ልጁን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ካለ ወይ ጀግና ነው ወይ አማራጭ ያጣ።

ሮቤ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ይህንኑ ሐሳብ ባነሣለት ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ብስክሌት እኮ የልጅ ነው» አለኝ። «ለትልቅ ሰው አይሆንም እንዴ?» ብለው «ትልቅ ሰውማ ባጃጅ ይይዛላ!» አለ። እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። ግን ንግግሩ የብዙዎቻችንን ልብ ይናገራል። ብስክሌት ለኛ ወይ መጫወቻ ነው ወይ የድህነት ምልክት። ደረጃ በደረጃ ከእግር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ መኪና ማደግ አለብን፤ መንገዱም የሚሠራው ላደገው ነው። ያላደገው ዳር ዳሩን ይሂድ።

ለነገሩ ብስክሌት ለዚህች ሀገር ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ አንዳንድ ጎዳናዎቿን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀመረች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተውላታል። መልካም ነው። ግን አንዳንዱ መስመር ላይ ከብስክሌተኛው ይልቅ ፎቶ ተነሺው ይበዛል። መስመሩ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሥራው ድረስ ካላደረሰው፣ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ባሌ ይህን ጌጥ ባትቀዳ ደስ ይለኛል።

የመኪና መንገድ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት በብስክሌት ሆስፒታል አትሄድም፤ ስንዴውም በፈረስ ብቻ ገበያ አይወጣም። ግን መኪና በሁሉም ቦታ ይግባ ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሳነቴን አቋርጦ፣ በ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ አጠገብ ያልፋል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ውስጥ ነው። በበሽታ ያልሞተውን አንዳንዱን ፈጥኖ የሚያልፍ መኪና ይገጨዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው የባሌ ሰው ይህን እንስሳ «ጀደላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ከፈረስ ጋር ተላምዶ ኖሯል። ከመኪና ጋር ግን አልሆነለትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምለው ቀላል ነው። አንደኛ፣ የእግርና የፈረስ መንገዶቹ በካርታ ላይ ይስፈሩ፤ ያልሰፈረ መንገድ ነገ ይታጠራል፣ ይታረሳል፣ ወይም አስፋልት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሮቤና የጎባ መንገድ በተነካ ቁጥር ለእግረኛው፣ ለጋሪውና ለብስክሌቱ በቦይና በዛፍ የተለየ መሄጃ ይውጣለት። ሦስተኛ፣ የላይኛው የወይብ ሸለቆ ሞተር የማይገባበት ሆኖ ይቆይ፤ የሚያስፈልገው የእግር ድልድይ፣ የጎርፍ መውረጃና የተጠረገ ጥርጊያ ነው። ሲሠራም ዳገቱን፣ ክረምቱንና ጭቃውን የሚያውቁት ፈረሰኞች ይጠየቁ። ደግሞም ሴት ልጅ ማንም ሳይጮህባት ብስክሌት የምትነዳበት ይሁን፤ ይህ ግን ከአካፋና ዶማ ይልቅ የኛን አፍ መግራት የሚጠይቅ ነው።

«ሀገሪቱ ስንት ችግር እያለባት…» የሚል አይጠፋም። ችግሩስ ምን ሆነና! ከችግሮቹ አንዱ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ መንገድ እንደሌለው ተደርጎ መቆጠሩ አይደል? ሳንሠራ የያዝነውን ሀብት አፍርሰን፣ ከ30 ዓመት በኋላ በብድር ልንሠራው መነሣታችን እንደማይቀር ከወዲሁ ይታየኛል። ያኔ ፈረሱም ሸለቆውም አይኖርም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው «እዚያ ድረስ መንገድ የለም» ቢልህ በትሕትና «ለማን?» ብለህ ጠይቅልኝ።