ሦስት ሚሊሜትር

በያዮ የቡና ደን አካባቢ ባለችው ሁሩሙ ቡና ሲደርስ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ልጣጩ ሲገፈፍ ፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን በገንዳ ተብላልቶ በውኃ ይታጠባል። እጣቢው ስኳርና ፔክቲን ይዞ ይወጣል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል። እንዲሁ ወንዝ ከገባ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲበሉ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይታፈናል።

ይህ መብላታቸው ወንዝ ሳይደርስ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን የሚፈስ ውኃ ባክቴሪያውንም ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ባክቴሪያውን አንድ ቦታ ማሰር ያስፈልጋል። ከማሰሪያዎቹ ሁሉ የእጅ ሥራው የሚያስደንቀኝ የአልጂኔት እንክብል ነው።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል። 2 ግራም ሶዲየም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ ባክቴሪያው ይጨመርና አረፋ እንዳይዝ በቀስታ ይማሰላል። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ካልሲየም ክሎራይድ ወዳለበት ውኃ ይወርዳል። ጠብታው ውኃውን እንደነካ ቆዳ ያወጣል። ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይዞ ረጃጅሞቹን የአልጂኔት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። መርፌው አለቅጥ ከቀረበ እንክብሉ ጭራ ያወጣል፤ ከራቀም ይጠፈጠፋል። ልኩን ሲያገኝ የማሽላ ፍሬ ያህላል፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ። ቀዳዳዎቹ ስኳርና ኦክስጅን ያስገባሉ፤ ባክቴሪያውን ግን ይይዛሉ።

ትንሽ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ኦክስጅን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ጥልቀት ነው። በፍሳሽ ውስጥ ያለውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ዳር ዳሩን ይይዛሉ፤ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት አየር በሌለበት መሀል ይሠራሉ። ሁለት ገንዳ የሚጠይቅ ሥራ በአንድ እንክብል! ከተለቀ ግን ምግብ መሀሉ ድረስ አይደርስም፤ መሀሉ ሥራ ይፈታል። ፎስፌት የበዛበት ውኃም ካልሲየሙን ስለሚነጥቀው እንክብሉ ይላላል።

ለሁሩሙ ግን የምመርጠው ጠጠር ነው። ባክቴሪያ በራሱ ሙጫ ድንጋይ ላይ ስለሚጣበቅ ሌላ ማሰሪያ አያሻውም። የባክቴሪያው ሽፋን ሲወፍር የታችኛው ምግብ ያጣል፣ ይላላል፣ ይላጣል፤ አዲስ ይተካል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ በተሠራው የቃሊቲ ጣቢያም ከሥራው አንዱን ክፍል የሚሠራው እንዲህ ያለ ሽፋን ነው። ለቡና እጣቢ ልጣጩ አስቀድሞ መለየት፣ ውኃው መርጋት፣ አሲዱም በኖራ መብረድ አለበት።

ሁሩሙ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የያዮ የቡና ደን ክልል ውስጥ ናት። ስለዚህ መፈልፈያ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእጣቢው ቦይ በታች የጠጠር አልጋ አንጥፉ።